ዶሮ ወፍ ናት እንዴ?

ልጅ ሳለሁ ከማዕረግ ሁሉ የሚበልጠው «አስመጪ» የሚባለው ይመስለኝ ነበር። ዳኛውን፣ ሐኪሙን፣ የትምህርት ቤቱን ዳይሬክተር ሰው ደጅ ጠንቶ ነው የሚያገኛቸው። አስመጪ ግን ቁጭ ባለበት ዕቃው ራሱ ይመጣለታል። የአክስቴ ባል አስመጪ ነበር። ሰፈሩ በሙሉ «አስመጪው» እያለ ነበር የሚጠራው። ግማሹ ሲጠራው ከንፈሩን ጠመም አድርጎ ፈገግ ይላል፤ እኔ ደግሞ ፈገግታውን ከአክብሮት ቆጥሬ ደረቴን እነፋ ነበር። ከየት ያስመጣል? ከድንበር ማዶ። በማን ፈቃድ? እንዲህ ያለ ብልግና የሚጠይቅ ሰው ቤታችን አይገባም ነበር።

አክስቴን እታለም፣ ባሏን ደግሞ ጋሼ ነበር የምላቸው። የእናቴ ታናሽ ናት። እናቴ ለሥራ ሌላ ከተማ ስለሄደች እነሱ ቤት ተቀምጬ ነበር የምማረው። እታለም ስትስቅ ትከሻዋ አብሯት የሚስቅ፣ ፀጉሬን ስትሠራኝ ደግሞ እኔ ከመጮኼ በፊት «አይይ!» ብላ እኔን ተክታ የምትጮህ ሴት ነበረች። በዚያን ጊዜ ከሷ የማስበልጠው ሰው አልነበረኝም።

ጋሼ የሚያስመጣው ዶሮ ነበር። በሕይወት ያለውን አይደለም፤ እሱ ጣጣው ብዙ ነው፣ ይጮኻል፣ ጥሬ ይፈልጋል፣ ፈታሽ ይጠራል። ጋሼ የሚያስመጣው ዝም ያለውን ነው። ዓሣ የምትጭን መኪና ወደ ጓሮ በራችን ትጠጋና ሣጥኖቹ ይወርዳሉ። ከላይ ዓሣ፣ ከዓሣው ሥር በረዶ፣ ከበረዶው ሥር ዶሮ።

«ጋሼ፣ ዓሣው ለምንድን ነው?» አልኩት አንድ ቀን።

«እንዳይሞቃቸው ነዋ!»

እንዴት ያለ ሩኅሩኅ ሰው ነው አልኩ በልቤ። ለካ ዓሣው የተዘጋጀው ለፈታሹ ኖሯል። ፈታሹ ክዳኑን ገለጥ ያደርጋል፣ አፍንጫውን ይይዛል፣ «እለፍ!» ይላል። የሁላችንን ጤና እንዲጠብቅ የተቀጠረው እንዲህ ያለ ስስ አፍንጫ ያለው ሰው ነበር።

የእታለም ሥራ ጓሮ ባለችው የልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ነው። በርሜል ሙሉ ውሃ ይፈላል፤ ዶሮዎቹን በእግራቸው ይዛ ትነክራቸዋለች፤ ከዚያ ላባቸውን በእፍኝ በእፍኝ ትነጫለች፣ ሆዳቸውን ከፍታ አንጀታቸውን ታወጣለች። ክፍሏ መስኮት የላትም። እንፋሎቱ፣ እርጥቡ ላባና ሳሙናው አንድ ላይ ይሸታል። የላባው ብናኝ አምፖሉ ሥር ሲንሳፈፍ ሳይ በረዶ የሚዘንብበት አገር የሄድኩ ይመስለኝ ነበር። እታለም በክንዷ አፍንጫዋን እየጠረገች ታንጎራጉራለች። እኔ ደፉ ላይ ተቀምጬ የቤት ሥራዬን እሠራለሁ፤ ያን አየር እንደ ልቤ እየሳብኩ።

አንዳንዶቹ ዶሮዎች እግራቸው ላይ ወይን ጠጅ ነጠብጣብ ነበረባቸው። ራሳቸው ላይ ያለችው ቀይ ሥጋም ጠቁራ ነበር።

«እታለም፣ ይሄ ምን ሆኖ ነው?»

እሷንም ለካ ከንክኗት ኖሯል፤ ዶሮውን አንጠልጥላ ወደ ሳሎን ጮኸች። «አንተ! እነዚህ እኮ እግራቸው ጠቋቁሯል!»

«ከሩቅ ስለመጡ በርዷቸው ነው!» አለ ጋሼ ከመቀመጫው ሳይነሳ።

«ሞተውም ይበርዳቸዋል?»

«ከመሞታቸው በፊት ነዋ! አንቺ ደግሞ ነገር መምዘዝ ትወጃለሽ!»

ዶሮዎቹ አንጀቴን በሉት። ሮጬ ሻርፔን አመጣሁና ሣጥኑ ላይ አለበስኩላቸው። እታለም ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች። ላባውንም ሁሉ አልጣለችውም፤ ለስላሳ ለስላሳውን መርጣ አጥባ፣ አድርቃ፣ ትራስ ሰፋችልኝ። በዚያ ትራስ ላይ እንደ ንጉሥ ልጅ ተንፈላስሼ ተኛሁ። ዛሬ የልጅ ልጆቼ ሊያድሩ ሲመጡ የየትራሱን ጫፍ ተርትሬ ውስጡን ካላየሁ እንቅልፍ በዓይኔ አይዞርም። «አያታችን የደበቀችው ወርቅ ጠፍቶባታል» ይባባላሉ አሉ። ይበሉ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የእንስሳት ሐኪሙ መኪና ላይ ድምፅ ማጉያ ሰቅሎ በሰፈሩ ዞረ። እሱ ቀጭን፣ ቶሎ የሚደነግጥ ሰው ነው። ድምፅ ማጉያው ደግሞ ያረጀ ነው፤ ግማሹን ቃል ይውጠዋል፣ ግማሹን ያስለዋል። ኋላ እንደሰማነው ሰውየው ያለው «የወፎች በሽታ የሆነ አደገኛ ጉንፋን ከድንበር ማዶ ገብቷል፤ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ የዶሮ ሥጋ አትግዙ» ነበር። ሰፈሩ የሰማው ግን እንዲህ ነው፦

«የወፍ … በሽታ … ገብቷል … ክርርር … የዶሮ ሥጋ … ግዙ!»

የወፍ በሽታ በእኛ አፍ ምን እንደሆነ የማያውቅ የለም። ጉበትን ይዞ ዓይንን ቢጫ የሚያደርገው ነው። ወፍ ከጉበት ጋር ምን እንዳዛመዳት ማንም ጠይቆ አያውቅም፤ ስሙ ነው፣ በቃ።

ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ መርፌዋን ደረቷ ላይ እንደሰካች ብር ብላ ወጣች። በመንገዱ ያለፈውን ሁሉ እያስቆመች የታች ሽፋሽፍቱን ጎተት አድርጋ ዓይኑን ታያለች።

«ና አንተ፣ ዓይንህን! … ነጭ ነህ፣ እለፍ! … አንቺስ? ይሄ ምንድን ነው፣ ቢጫ ነው?»

«እንቅልፍ ነው እትዬ፣ አሁን ገና ነው የተነሳሁት።»

«በዚህ ሰዓት? በሽታው የስንፍና ነዋ!»

ከዚያ ወደ እኛ በር ዞረች። «አስመጪው! የዶሮ ሥጋ ለወፍ በሽታ ፍቱን ነው ተባለ እኮ! መንግሥት በድምፅ ማጉያ ሲናገር አልሰማህም?»

ጋሼ ሰምቷል። አስመጪ አይደል፤ ጆሮው ንጹሕ ነው። የተዋጠውን ቃል ጭምር ነበር የሰማው። ይህን የተረዳሁት ካደግሁ በኋላ ነው፤ ያን ቀን ያየሁት ፊቱ መጀመሪያ አመድ መስሎ ቆይቶ ቀስ እያለ ሲበራ ብቻ ነው። ባዶ ሣጥን ገልብጦ ላዩ ላይ ወጣ። በአንድ እጁ የተጠበሰ የዶሮ እግር ይዟል፤ አንዴ ገመጠና በሌላው እጁ ሽፋሽፍቱን ወደ ታች ሳበ።

«እዩኝ! በየቀኑ ነው የምበላው! ዓይኔን ተመልከቱ! ወተት ነው ወይስ አይደለም?»

«ወተት ነው!» አለ ሰፈሩ።

እኔም ከሁሉም በላይ ጮኼ «ወተት ነው!» አልኩ። በዚያ ሳምንት ዶሮ እንደ መድኃኒት ተሸጠ። ብዙውን የወሰደው የምግብ ቤቱ አብሳይ ነበር፤ ሲስቅ ሆዱ የሚዘልል፣ ለእኔ ከረሜላ የማይረሳ ወፍራም ሰው። «ለደንበኞቼ ጤና ስል ነው» ይል ነበር። ከልቡ ነበር የሚለው፣ ምስኪን።

የእንስሳት ሐኪሙ ነገሩ እንደተበላሸ ሰምቶ በእግሩ መጣ። በራችን ላይ ሰው ተሰበሰበ።

«የወፍ በሽታ አላልኩም» አለ ላቡን እየጠረገ። «የወፎች ጉንፋን ነው ያልኩት።»

«ለዚህ ነው ያስጨነቅኸን?» አለች ልብስ ሰፊዋ። «ጉንፋን ከሆነማ በዝንጅብል ሻይ ይለቃል!»

«ይሄ ጉንፋን ሰው ይገድላል እትዬ። የተነሳው ከዶሮዎች ነው።»

«ቅድም ወፍ አልክ፣ አሁን ዶሮ አልክ። አንዱን ያዝ እንጂ!»

«ዶሮ እኮ ወፍ ናት።»

ወዲያው ሳቁ ፈነዳ። ጋሼ ሆዱን ይዞ ግድግዳ ተደገፈ።

«ዶሮ ወፍ ናት እንዴ? እስቲ ዛፍ ላይ ጎጆ የሠራች ዶሮ አሳየን!»

«ክንፍ አላት፣ ላባ አላት፣ እንቁላል ትጥላለች …»

«አውሮፕላንም ክንፍ አለው! ወፍ ነው ልትለን ነው?»

ሰውየው ፊቱ ቲማቲም መሰለ። «እሺ፣ ቤቱን ላየው እችላለሁ?» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ፈቃድ ይዘሃል?» አለው ጋሼ።

ይህን ያለው በዕድሜው ፈቃድ የሚባል ወረቀት ጨብጦ የማያውቅ ሰው ነው። ሐኪሙ ግን ፈቃድ አልያዘም ነበርና አንገቱን ደፍቶ ሄደ። ልጆቹ ከኋላው እንደ ዶሮ ክንዳቸውን እያራገቡ ሸኙት። እኔም አራገብኩ። በዚያች መንገድ ላይ እውነት የተናገረው እሱ ብቻ ነበር፤ ሥነ ሥርዓት የጠበቀውም እሱ ብቻ። እውነትም ሥርዓትም ይዞ መጥቶ በኩኩሉ የተሸኘ ሰው ከሱ ሌላ አላየሁም።

እታለም ማንጎራጎሯን ያቆመችው ከዚያ ወዲያ ነው። መጀመሪያ አሳላት። ቀጥሎ ገላዋ እንደ ምድጃ ነደደ። ጋሼ ጠዋት ጠዋት መስኮቱ ጋ ወስዶ ሽፋሽፍቷን ይጎትታል።

«ነጭ ነው! ምንም የለብሽም። የውሃው እንፋሎት ነው፣ ብርድ መትቶሽ ነው።»

«ደረቴን እኮ ወጋኝ …»

«ይሄን ሣጥን ጨርሺና ታርፊያለሽ። አብሳዩ እየጠበቀ ነው።»

እኔም ከትምህርት ቤት ስመለስ በተራዬ ዓይኗን አያለሁ። ነጭ ሲሆን ደስ ብሎኝ ልጫወት እወጣለሁ። ቢጫውን እየጠበቅን ሁላችንም ዓይኗ ላይ አፍጥጠን ሳለን፣ በሽታው ደረቷ ውስጥ ማንም ሳያየው ቤቱን ሠራ።

አንድ ጠዋት በርሜሉ ጎን ተቀምጣ አገኘኋት። አፏን ከፍታ ነው የምትተነፍሰው፤ ከንፈሯ ሰማያዊ ሆኗል። ስጠራት ዞር አለች እንጂ መልስ መስጠት አቃታት። ልብስ ሰፊዋን ጠራኋት። ገና ከበሩ ስታያት ጮኸች።

«አንተ ሰው! ሴትዮዋ እየሞተችብህ ነው!»

«ዓይኗ ነጭ ነው እኮ …»

«ዓይኗን ተወው! ከንፈሯን አታይም? አንሳት ብዬሃለሁ!»

በዓሣ መኪናዋ ሐኪም ቤት ወሰድናት። ጋሼ ይነዳል፣ እኔ ደግሞ የእታለምን ጭንቅላት ታቅፌያለሁ። መንገዱን ሁሉ የሚያስጠነቅቀኝ ግን እሷን አጥብቄ እንድይዝ አልነበረም።

«እዚያ ስንደርስ ትልልቅ ሰዎች ሲያወሩ አፍሽን ያዢ። ገባሽ?»

«እሺ ጋሼ።»

ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ከወንበሯ በላይ ግድግዳው ላይ በሽተኛ የሚጠየቀው የተዘረዘረበት ትልቅ ወረቀት ተለጥፏል። ማዳመጫዋን የእታለም ጀርባ ላይ አድርጋ ቆየች። ከዚያ ወደ ወረቀቱ ቀና ብላ ጠየቀች።

«ከመታመሟ በፊት ከወፍ ጋር ንክኪ ነበራት? የታመመ ወይም የሞተ ወፍ?»

«ወፍ?» አለ ጋሼ። ደረቱ በእፎይታ ዝቅ ሲል አይቻለሁ። «ዶክተር፣ እናቴ ትሙት፣ ሚስቴ ወፍ በእጇ ነክታ አታውቅም! እንኳን እሷ ልትነካ፣ ጣራችን ላይ እንኳ ወፍ አያርፍም!»

ይህን ሰው በብዙ ነገር ማማት ይቻላል፤ ያን ጊዜ ግን አንዲት ቃል አልዋሸም። በሕይወቴ ከዚያ የከፋ እውነት ሰምቼ አላውቅም።

ሐኪሟ ራሷን ነቀነቀች። «እንግዲያው የተለመደው የሳንባ ምች ሊሆን ይችላል። አልጋም የለንም። መድኃኒት ልጻፍላትና ቤት ትተኛ፣ ካልተሻላት ትመልሳታለህ።»

«እግዜር ይስጥልኝ! ቤት ይሻላታል!» አለና እታለምን በክንዷ ያነሳት ጀመር። እሷ እግሯ አልታዘዝ ብሏት እንደ እርጥብ ልብስ ተንጠለጠለችበት።

እኔ ግን ተናድጄ ነበር። መመለሳችን አልነበረም ያናደደኝ። የዚያች ሐኪም ጥያቄ ነው። በሰፈራችን ወፍ የሚነካው በወንጭፍ የሚያባርር ዱርዬ ብቻ ነበር፤ የኔን እታለም ከነማን ጋ ነው የምትደምራት? አፌን እንድይዝ የታዘዝኩት ትልልቅ ሰዎች ሲያወሩ ነው፤ አሁን ዝም ብለዋል።

«እታለም ዱርዬ አይደለችም!» አልኩ። «ወፍ አታባርርም! ሥራ አላት! ቀኑን ሙሉ ዶሮ ነው የምትነጨው!»

የጋሼ ጣት ክንዴ ላይ ተቀረቀረ። «ልጅ ናት ዶክተር፣ ትቀባጥራለች።»

«አልቀባጥርም! ጋሼ እኮ ትልቅ አስመጪ ነው! ከዓሣ ሥር ነው የሚመጡት! በርዷቸው እግራቸው ወይን ጠጅ ሆኗል፣ ሻርፔን አልብሻቸዋለሁ!»

ሐኪሟ የያዘችው እስክሪብቶ ቆመ። ከመሳቢያዋ ነጭ ጨርቅ አወጣችና አፍና አፍንጫዋን ሸፈነች። እኛ ሸተትናት ብዬ ይበልጥ ከፋኝ።

«ዶሮ ነው የምትነጨው?» አለች ወደ ጋሼ ዞራ፣ በጣም ቀስ ብላ።

«ዶሮማ … ዶሮ ትነካለች» አለ ጋሼ። «ግን ወፍ ነው ያሉት ዶክተር! ዶሮ መቼ አሉ? ዶሮ ወፍ ናት እንዴ?»

«ናት» አለች ሐኪሟ። ከዚያ በሩን ከፍታ ጮኸች፦ «አልጋ! አሁኑኑ! ኦክስጅን አምጡ!»

የለም የተባለው አልጋ ካለበት ተገኘ። ማታውን እኔንም ሲያተኩሰኝ ከእታለም ጎን አስተኙኝ። የሚገቡት ነርሶች ከዓይናቸው በቀር ተሸፍነው ነበር፤ በጣም ዓይናፋር ሰዎች ናቸው አልኩ። እታለም አፍንጫዋ ላይ ቱቦ፣ ክንዷ ላይ መርፌ ተደርጎላት ቀንና ሌሊቱን ሳትለይ ተኛች። እጄን ዘርግቼ ጣቷን እይዛለሁ። አንዳንዴ መልሳ ትይዘኛለች፣ አንዳንዴ አትይዘኝም።

አንድ ጠዋት ነርሶቹ በሩ ላይ ሲያወሩ ሰማሁ።

«የምግብ ቤቱ አብሳይ እንዴት ሆነ?»

«አለፈ። ጎህ ሲቀድ አለፈ።»

እኔ ባለፈው ፈተና በሁለት ትምህርት ስለወደቅሁ ማለፍ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። እዚያ አልጋ ላይ ሆኜ አጨበጨብኩለት። «ጎበዝ!» አልኩ። ነርሷ ዞር ብላ አየችኝ፤ ከጨርቁ በላይ ያለው ዓይኗ እንባ ሞላ። የሷም ዘመድ አብሮ ተፈትኖ ይሆናል አልኩ።

እታለም ቀስ በቀስ ተመለሰች። ሐኪሟ ኋላ እንደነገረችን፣ ያን ቀን ቤት ብትወሰድ ኖሮ ማግስቱን አታየውም ነበር። ቱቦው ሲወጣላት መጀመሪያ የጠየቀችው «ልጅቷ በላች?» ብላ ነው። ሳንባዋ እንደ በፊቱ አልሆነም፤ ዘፈን ጀምራ መሐል ላይ ትንፋሽ የሚያጥራት ሴት ሆና ነው ያረጀችው። ቢሆንም አረጀች። እኔ የምፈልገው እሱን ነበር።

ቀና ብላ መቀመጥ በጀመረችበት ሳምንት ጋሼ ሊጠይቃት መጣ። ወደ ውስጥ ስለማያስገቡት ከመስኮታችን ውጭ አትክልቱ ውስጥ ቆመ። ከጎኑ አንድ ፖሊስ ነበር። ጠባቂ ተመደበለት ማለት ነው፣ ማዕረጉ ጨመረ ብዬ ደስ አለኝ። እጄን አውለበለብኩለት። እሱ እኔን አላየኝም። አፉን መስታወቱ ላይ አስጠግቶ መጮህ ጀመረ፤ ድምፁ የታፈነ ቢሆንም ይሰማል።

«ነገ ችሎት አለኝ! ሰማሽ? ቃልሽን ጽፈሽ ላኪልኝ! ወፍ ብላ ነው የጠየቀችው፣ ዶሮ አላለችም! አንቺም ነበርሽ፣ ሰምተሻል! አልዋሸም በይልኝ!»

«እንዴት ነሽ» የምትለዋን ኋላ ያመጣታል ብዬ ጠበቅሁ። ትንፋሹን ሰብስቦ እንደገና ጀመረ። «ወፍ ነው ያለችው! በይላቸው! አንድ ቃል እኮ ነው!»

እታለም ለረጅም ጊዜ አየችው። ፊቷ ላይ ቁጣ አልነበረም፤ አዲስ ሰው ስታይ እንደምታየው ነበር የምታየው። ከዚያ ቀስ ብላ ተኛችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ፀሐዩ ዓይኗን የወጋት መሰለኝ። ከአልጋዬ ወርጄ በባዶ እግሬ ሄድኩና መጋረጃውን ዘጋሁላት።

ቀኑ ከጠዋት ጀምሮ ዳምኖ ነበር።